መጠጡን ባቆመ በሁለተኛው ቀን ለምን ወደቀ?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው፤ አዳማ ከእናታችን ጋር ይኖራል። እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። ጫት መቃም ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ ግን ጨብሲ (ከጫት በኋላ ምርቃናውን የሚሰብርበትን መጠጥ) ካልጠጣ እንቅልፍ አይወስደውም። አሁን በቀን ግማሽ ሊትር አረቄ ይጨርሳል፤ ጠዋትም እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቁርስ ሳይቀምስ አንድ ሁለት መለኪያ ይጠጣል። ባለፈው ወር እናቴ ከአጎቶቼ ጋር ተማክራ ክፍል ውስጥ ቆለፈችበት። በማግስቱ አላበው፣ አስመለሰው፤ በሁለተኛው ቀን ወድቆ ተንዘፈዘፈ፤ በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል እያለ ሲጮህ አደረ። ጎረቤት ልክፍት ነው፣ ጠበል ይወሰድ አለ። አንድ ጓደኛው ግን ደብቆ አረቄ ደጋግሞ ሲያጠጣው ቀስ በቀስ ተረጋጋ። ይህ ሱስ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ጫቱንስ አብሮ ያቁም? ገንዘብ መላኬን ላቁም?»

ምላሽ፦ ይህን አንብበው ከመጨረስዎ በፊት ለእናትዎ ይደውሉላቸው። በሩ ዳግመኛ እንዳይቆለፍ፣ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስም መጠጡን በአንድ ጊዜ እንዳይከለክሉት ይንገሯቸው። ከጤና ባለሙያ እንዲህ ያለ ምክር መስማት ግራ ሊያጋባ ይችላል። ወንድምዎ ላይ የታየው ግን አልኮል በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ፣ የሚነሣበት ሰዓት ሳይቀር የታወቀ አጣዳፊ ሕመም ነው። ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። እናትዎና አጎቶችዎ ያደረጉት ከፍቅርና ከጭንቀት ነው፤ ጥፋተኛ አድርገው አይቁጠሯቸው። ነገር ግን አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ወድቆ የተንዘፈዘፈ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በድንገት ሲያቆም የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ አንጎል እያንዳንዱን ድንገተኛ መቋረጥ እያስታወሰ ምላሹን ያከብደዋልና።

መጠኑን በቁጥር እንየው። ቤት የሚወጣ አረቄ ጥንካሬው ከአውጪ አውጪ ይለያያል፤ 40 ከመቶ ነው ብንል ግማሽ ሊትሩ ውስጥ 158 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 ከመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ የሚይዘው 13 ግራም ነው። ስለዚህ ወንድምዎ በየቀኑ የሚጠጣው 12 ቢራ ያህል ነው ማለት ነው። ዳገም፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል። በዚህ መጠን ለዓመታት የጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና መንቀጥቀጡን በመጠጥ የሚያስታግስ ሰው ሰውነቱ በአልኮል ላይ ጥገኛ ሆኗል። ለዚህ ምርመራም አያስፈልግም፤ የጠዋቷ መለኪያ ራሷ ትናገራለች።

ጥገኝነት ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ሰው በር ሲገፋ ያስቡ። አልኮል የአንጎልን ሥራ የሚያቀዘቅዘውን ጋባ የሚባል ኬሚካል ያግዛል፤ የሚያነቃቃውን ግሉታሜትን ደግሞ ያፍናል። አንጎል በዚህ ጫና ሥር ሆኖ መሥራት ስላለበት በተቃራኒው መግፋት ይጀምራል፦ የሚያረጋጋውን ክፍል ያዳክማል፣ የሚያነቃቃውን ያበረታል። ዓመታት ሲያልፉ ሁለቱ ኃይሎች ተገፋፍተው ይቆማሉ፤ ሰውየው ግማሽ ሊትር ጠጥቶ በእግሩ ቤቱ የሚገባው ለዚህ ነው። አሁን በሩ ከወዲያ በኩል በድንገት ቢከፈትስ? የሚገፋው ሰው በግንባሩ ይደፋል። አልኮሉ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል፤ አንጎል ግን መግፋቱን ለማቆም ቀናት ይፈጅበታል። በእነዚያ ቀናት ያለ ልጓም የሚጋልብ አንጎል ነው የሚቀረው።

ግልቢያው የራሱ ሰዓት አለው። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። የሚጥል ዓይነት መንዘፍዘፍ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከሁሉ የከፋው ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርሳል፦ ሰውየው ያለበትን ቦታና ቀኑን ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል (ብዙ ጊዜ ነፍሳትና ትናንሽ እንስሳት)፣ ያተኩሰዋል፣ የደም ግፊቱና የልቡ ምት ይንራል። ይህ ዴሊሪየም ትሬመንስ ይባላል። ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ በልብ ምት መዛባት፣ በውኃና በጨው መጥፋት፣ በሳንባ ምች ወይም በመውደቅ። እናትዎ ያዩት ላብ፣ መውደቅና ጉንዳን በቅደም ተከተል ከዚህ ጋር ይገጥማል። አረቄው ያረጋጋው ደግሞ የጎደለውን ጫና ስለመለሰለት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ፤ ይህ ሱስ ነው ወይ? እስካሁን የነገርኩዎት ሁሉ ሱስ አይደለም። የሰውነት ጥገኝነት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ቤተሰብ የሚሳሳተውም፣ አንዳንድ ጊዜ ባለሙያም የሚሳሳተው፣ ሁለቱን አንድ ሲያደርግ ነው። ለካንሰር ሕመሙ ለወራት ሞርፊን የወሰደ ሰው ሰውነቱ ጥገኛ ይሆናል፤ በድንገት ቢቆምበት ያመዋል። ግን ሕመሙ ሲለቀው መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ይተወዋል፤ ልጆቹን ረስቶ አያሳድደውም። ሱስ የምንለው ማሳደዱን ነው፦ ሰውየው ልተወው ብሎ ምሎ፣ ጉዳቱን በዓይኑ አይቶ፣ አሁንም ወደዚያው የሚመለስበትን። ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ መጠኑን፣ ጊዜውንና ቦታውን መቆጣጠር አለመቻል፤ ነገሩ ከሥራ፣ ከቤተሰብና ከጤና እየቀደመ መምጣቱ፤ ሦስተኛ የሰውነት መላመድና ሲቀር መታመም። ከሦስቱ ሁለቱ ለአንድ ዓመት ከታዩ፣ ወይም በየቀኑ ለሚወስድ ሰው ለሦስት ወር ያህል ከታዩ፣ በሽታው አለ። ወንድምዎ ላይ ቁጥጥር ማጣቱም የሰውነቱ መላመድም ግልጽ ናቸው፤ ስለዚህ ከጥገኝነቱ ጋር ሱሱም አለበት።

ልዩነቱ ለእርስዎ የሚጠቅመው በጊዜ ነው። ጥገኝነቱ በቀናት የሚፈታ፣ አደገኛ፣ ሆስፒታል የሚፈልግ ነገር ነው። ሱሱ በወራትና በዓመታት የሚፈታ፣ በሆስፒታል ብቻ የማይታከም ነገር ነው። ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን በጉልበት ያሳልፍና «ነጻ ወጣ» ብሎ ሁለተኛውን ይረሳል። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ ደግሞ «ልበ ደረቅ ነው፣ ተስፋ የለውም» ይባላል። ተስፋ የቆረጡበት ሕክምና ግን ገና አልተጀመረም ነበር።

የመጀመሪያውን ክፍል እንዴት ማሳለፍ እንዳለበት በዝርዝር ልንገርዎት፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። ከዚህ ቀደም ወድቆ ስለተንዘፈዘፈና የሌለ ነገር ስላየ ቤት ውስጥ የሚደረግ ማቆም ለእሱ አይሆንም። ተኝቶ መታከም አለበት። አዳማ ውስጥ አጠቃላይ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል፤ ይህ የውስጥ ደዌም ጉዳይ ስለሆነ የግድ የአእምሮ ሆስፒታል መሆን የለበትም። አዲስ አበባ ከሄደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና የሚያገለግል ክፍል አለው፤ ግን ከመንገዱ በፊት ደውሎ አልጋ መኖሩን ማረጋገጥ ይሻላል፤ ተራ ሲጠብቅ መጠጥ አቋርጦ ግቢው ውስጥ እንዳይወድቅ። ወረፋው ከረዘመ እስከዚያው ድረስ የለመደውን መጠን በተከፋፈለ ሰዓት ይጠጣ፤ አይጨምር፣ በድንገትም አያቋርጥ። ምግብ ይብላ፤ ሽሮም ቢሆን፣ አጥሚትም ቢሆን፣ ባዶ ሆዱን አይዋል።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ አንዲት ወረቀት ይዘው ይግቡ። የሚጻፍባት ይህ ነው፦ የመጨረሻውን መለኪያ የጠጣበት ቀንና ሰዓት፤ በቀን ስንት እንደሚጠጣና ዓይነቱ፤ ባለፈው ወር በስንተኛው ቀን እንደወደቀ፤ የጫቱ መጠን፤ ሌላ የሚወስደው ነገር፣ በተለይ ዲያዜፓም (የሚያረጋጋ መድኃኒት)፣ ትራማዶል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት። ትራማዶል ብቻውን ሰው ሊጥል ስለሚችል መደበቁ ትልቅ ጉዳት አለው። እናትዎ አፍረው «ትንሽ ትንሽ ይቀማምሳል» ቢሉ ሐኪሙ የሚሰጠው መጠን ያንሳል፤ ስለዚህ እውነተኛውን ቁጥር ይናገሩ።

ሕክምናው ውስብስብ አይደለም። አልኮል ይገፋው የነበረውን በር ቀስ ብሎ የሚለቅ ሌላ እጅ ይተካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲያዜፓም። በተለመደው አሠራር በአንድ ጊዜ 10 ወይም 20 ሚሊ ግራም እየተሰጠ፣ በመጀመሪያው ቀን በድምሩ እስከ 40 ሚሊ ግራም፣ እንደ ምልክቱ ክብደትም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ በ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ እየቀነሰ ያልቃል። ነርሷ በየጥቂት ሰዓቱ መንቀጥቀጡን፣ ላቡን፣ መቅበጥበጡን፣ ንቃቱን እየመዘገበች ነጥብ ትሰጣለች፤ መጠኑም በዚያ ይስተካከላል። ይህን የምጽፈው እናትዎ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው እንዲሰጡት አይደለም። ዲያዜፓም ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያቆማል፤ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ላይ ደግሞ ከታሰበው በላይ ይቆያል።

ከዲያዜፓም እኩል አስፈላጊ የሆነው፣ ርካሽ ስለሆነ የሚረሳው ታያሚን ነው፤ ቫይታሚን ቢ1 የሚባለው። ለዓመታት በአረቄና በጫት የኖረ ሰው አይበላም፣ የበላውንም አንጀቱ በደንብ አይመጥም፤ በታያሚን እጥረት የተነሣ አንጎሉ በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱ ግራ መጋባት፣ የዓይን መንሸዋረር ወይም መርገብገብ፣ እግር እያሰፉ መንገዳገድ ነው፤ በቸልታ ከታለፈ የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላል። ምልክት ባይኖርም በቀን 100 ሚሊ ግራም ቢያንስ ለ5 ቀን ይሰጣል፤ ምልክት ካለ ከፍ ያለ መጠን በመርፌ። ድክመት አይተው ጉሉኮስ ብቻ የሚያንጠለጥሉ ቦታዎች አሉ፤ ሰውነት ጉሉኮሱን ለማቃጠል የቀረችውን ታያሚን ስለሚጨርሳት ይህ ጉዳቱን ያፋጥናል። ታያሚኑ ይቅደም፣ ወይም አብሮ ይሰጥ። ይህን ሐኪሙን በትሕትና መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው።

ሌሎች ሁለት ስሕተቶች ልጨምር። ሰውየው ሲጮህና ሲታገል ሲያዩ የሚያፈዝ መርፌ፣ ለምሳሌ ክሎርፕሮማዚን፣ ብቻውን መስጠት የመውደቅ አደጋውን ይጨምራል፤ ዝም ስላለ ተሻለው ማለት አይደለም። ፌኒቶይን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒትም መጠጥ በማቋረጥ የሚመጣውን መውደቅ አይከላከልም። ከመጠጥ ውጭ ወድቆ የማያውቅ ሰው የዕድሜ ልክ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሊጀመርለት አይገባም።

ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ቤት ውስጥ ቢወድቅስ? በጎኑ ያጋድሙት፤ ከራሱ ሥር ልብስ ያድርጉ፤ የሚያቆስል ዕቃ ከአጠገቡ ያንሱ። አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ ጣት፣ ውኃ አያስገቡ። ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም፤ ያቃጥለዋል እንጂ። ሰዓት ይያዙ፦ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ማንም ሳይጠየቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ዓይኔ ጨለመብኝ፣ በጉም ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል ካለ ደግሞ ሜታኖል የገባበት መጠጥ ሊሆን ስለሚችል ያው መንገድ ነው፤ አንዲት ሰዓት አይጠበቅም።

ስለ ጠበሉ በቀጥታ ልናገር። ጠበል መሄድን አልቃወምም፤ ለብዙ ሰው ከሱስ በኋላ ያለውን ሕይወት የሚያቆምበት ምሰሶ ሆኗል፤ ከጠጪ ጓደኞች ያርቃል፣ ቀኑን ሥርዓት ያስይዛል፣ የሚደግፈው ማኅበር ይሰጠዋል። የምቃወመው ሰዓቱን ነው። መጠጥ በተቋረጠ በመጀመሪያው ሳምንት ጾም ታያሚንን ይጨርሳል፤ የሚያስመልሰውና የሚያልበው ሰው ውኃ ከሰውነቱ ይሸሻል፤ በብርዱ ጠበሉ ሥር ቆሞ ቢጥለው ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ ያርፋል። መታሰሩም ያው የተቆለፈው በር ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ፣ መንቀጥቀጡ ጠፍቶ፣ መብላት ሲጀምር በእግሩ ይሂድ። የታዘዘለት መድኃኒት ካለም እየወሰደ ይጠመቅ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ወደ ጫቱ። ጫቱና አረቄው ሁለት የተለያዩ ሱሶች ይመስላሉ፤ ወንድምዎ ላይ ግን አንዱ የሌላው ሎሌ ነው። ጨብሲ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ መስበር ማለት ነው፤ የሚሰበረው ምርቃናው ነው። ትኩስ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚንን የሚመስል ንጥረ ነገር ሲሆን ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉ አንጎልን የሚያነቃቁ ኬሚካሎች ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ በሩጫ መኪና የሚጓዘው ለዚህ ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን ጣራ የሚነካው መቃም ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በርጫ የተቀመጠ፣ እስከ ማታ ያመነዠገ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ዓይኑ ፈጦ፣ ልቡ እየመታ፣ ሐሳቡ እየከበደው ይቀራል። አረቄው ለዚያ ይመጣል። ጫቱ ስካሩን ስለሚሸፍንበት ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ይጠጣል። ሌሊቱ በአልኮል የተቆራረጠ እንቅልፍ ነው፤ ጠዋት ድካምና ሐራራ ይጠብቁታል፤ ሐራራውን ለማስታገስ ኢጀበና (የጠዋት ዓይን መክፈቻ ጫት)፣ ከዚያ በርጫ፣ ከዚያ ጨብሲ። ክቡ በየዕለቱ ይዞራል።

ስለዚህ አረቄውን አስቁመው ጫቱን ቢተዉለት ክቡ ራሱን ይጠግናል። በመጀመሪያው ማታ እንቅልፍ ሲያጣ እግሩ ወደ አረቄ ቤት ያደርሰዋል። ተኝቶ የሚታከም ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማቆም ይችላል፤ እኔም የምመክረው ይህን ነው። ጫት ማቆም እንደ አልኮል ሰው አይገድልም፤ ቀስ በቀስ ካልተባለ የሚፈርስ ሰውነት የለም። የሚመጣው እንቅልፍ መብዛት፣ ድካም፣ ብስጭት፣ የምግብ ፍላጎት መጨመር፣ የሐዘን ስሜትና ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት ነው፤ የሚያፍን፣ የሚያስጮህ ቅዠት። ዱካክ መንፈስ ነው የሚሉ አሉ፤ ጫቱ ሲያፍነው የቆየው የሕልም እንቅልፍ ሲመለስ የሚፈጠር ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይለቃል። ያም ሆኖ አንድ ነገር በቸልታ አይታይ፦ ሐዘኑ ከከበደና «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ያን ቀን ሐኪም ይየው፤ ብቻውንም አይደር። ሰው ይከታተለኛል፣ ምግቤ ተመርዟል የሚል ጥርጣሬ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለም እንዲሁ።

ተኝቶ መታከም እስኪችል ሳምንታት የሚያልፉ ከሆነ ጫቱን ሰዓቱን ወደ ፊት በማምጣት መቀነስ ይጀምር። በ8 ሰዓት የሚጀምረውን በ5 ሰዓት፣ ከዚያ በ4፤ የሚያቆምበትም ቢዘገይ 8 ሰዓት ይሁን። መጠኑ በሳምንት በሩብ ይቀንስ። ምርቃናው ከእንቅልፍ ሰዓት በራቀ መጠን የጨብሲው ምክንያት ይቀንሳል። ለአልኮል ግን ይህን ዓይነት በቤት የሚደረግ መቀነስ አልመክርለትም፤ ወድቆ ያውቃልና።

ከሆስፒታል ሲወጣ ሰውነቱ ነጻ ነው፤ ሱሱ ግን ያው ነው። ሱስ የሚኖረው አንጎል በተማረው ነገር ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ዕጣን ሲሸት፣ ለውዝ ሲቆላ፣ የአወዳይ መኪና ጡሩንባ ሲሰማ ዶፓሚን ቀድሞ መለቀቅን ተምሯል። ጣዕሙ ከጠፋበት ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ አምሮቱ አይጠፋም፤ ሱሰኛ ብዙ ጊዜ የሚያሳድደው ደስታን አይደለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ያህል በሄሮይን ሱስ ተይዞ ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ ወደ አገራቸው የተመለሱትን ሲከታተሉ፣ ከእነዚያ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና የተያዙት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ጭንቀቱ፣ ጓደኛው፣ ርካሹ ዕቃ፣ ቦታው ሁሉ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። የወንድምዎ ቬትናም ግን መኖሪያ ሰፈሩ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ እዚያው አልጋ፣ እዚያው ከሰዓት፣ እዚያው ጓደኛ ጋር ከተመለሰ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃውም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት ይዘጋጅ። ከቀኑ 7 እስከ 12 ሰዓት ባዶ እንዳይሆን፤ የሚከፈልበት ሥራ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነ ገጠር ያለ ዘመድ ቤት፣ እርሻ፣ ጋራዥ፣ የትም ይሁን፤ እጁ ይያዝ። የጓደኞቹ ስልክ ይጥፋ። አምሮቱ ሲመጣ እንደ ማዕበል መሆኑን ይንገሩት፤ ወጥቶ ወጥቶ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳል፤ በዚያ ጊዜ ይብላ፣ ይራመድ፣ ይደውልልዎ። እንቅልፉ ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ይበጠበጣል፤ ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው «እስከ መቼ?» ብሎ አይደነግጥም። በየሳምንቱ የሚያገኘው የምክር ባለሙያ ወይም የአእምሮ ጤና ነርስ ይኑረው።

የመጠጥ አምሮቱን ለመቀነስ የሚያግዙ መድኃኒቶችም አሉ። ናልትሬክሶን በቀን 50 ሚሊ ግራምና አካምፕሮሴት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብተዋል። ናልትሬክሶን ጉበት ይታይለታል፣ ከትራማዶልና መሰል ማስታገሻዎች ጋር አይወሰድም፤ አካምፕሮሴት ኩላሊት ይታይለታል። ሐኪም ሳያዝ ከዱባይ በመንገደኛ እንዳይልኩ። ለጫት ግን እስካሁን የጸደቀ መድኃኒት የለም። ዳይሰልፊራም የሚባል ሌላ ክኒን አለ፤ የወሰደው ሰው ከጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወድቃል፤ ልብም ሊያቆም ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ 12 ሰዓት ሳይሞላ አይጀመርም፤ ከቆመ በኋላም እስከ 14 ቀን ውጤቱ አይጠፋም። «ሳያውቅ በወጥ አድርጋችሁ ስጡት» የሚል ሰው ካለ ወንድምዎን ሊገድልብዎ ነው። ይህ መድኃኒት አውቆ፣ ፈቅዶ ለሚወስድ ሰው ብቻ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ዛሬ በድንገት አያቁሙ። እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን መጠጥ የሚገዛበት ሳንቲም በአንድ ቀን ማጣት ከበሩ መቆለፍ አይለይም። በዚያው ሁለተኛ ቀን ላይ ይጥለዋል፤ ወይም ርካሹንና አደገኛውን ፍለጋ ይወጣል። ሆስፒታል የገባ ቀን ግን መንገዱ ይለወጥ። በእጁ የሚገባ ጥሬ ገንዘብ አይኑር፤ የሆስፒታሉን፣ የመድኃኒቱን፣ የምግቡን፣ የሥልጠናውን በቀጥታ ለሚመለከተው ይክፈሉ፤ ይህንንም ሳይሰክር፣ ጠዋት፣ በስልክ ራስዎ ይንገሩት፦ «ለሕክምናህ እስከመጨረሻው አለሁ፤ ለአረቄና ለጫት ግን ከእኔ ሳንቲም አይወጣም።» እናትዎ ልባቸው ራርቶ ከመሶብ ሥር እንዳይሰጡት እሳቸውን ቀድመው ያሳምኑ። ሁለታችሁ አንድ ቃል ካልሆናችሁ ያለው ቃል የእሱ ይሆናል።

የመጨረሻው፣ ቢመለስ። ሊመለስ እንደሚችል ከአሁኑ ይወቁት፤ ይህ የስኳርና የደም ግፊት ታማሚ ላይም የሚሆን ነገር ነው። ሁለት ወር ቆይቶ አንድ ማታ ቢጠጣ ሰውነቱ ገና ጥገኛ አልሆነም፤ በማግስቱ ቢያቆም አይወድቅም፤ ሳይሰደብ፣ ሳይዘገይ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ባለሙያው ይመለስ፤ ያን ማታ ምን እንደቀደመውም አብረው ይመርምሩ። ነገር ግን ያን ማታ የድሮውን ግማሽ ሊትር እንዳይጠጣ አስቀድመው ያስጠንቅቁት። የለመደው ሰውነት የለም፤ ያው መጠን አሁን ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል። ሰክሮ ከተኛ በጎኑ ያስተኙት፤ ቢጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 ካነሰ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ እስኪነጋ አይጠብቁ። በየቀኑ እየጠጣ ሳምንታት ካለፉ ደግሞ ጥገኝነቱ ተመልሷልና እንደ መጀመሪያው ቀን ነው፦ በር አይቆለፍ፣ የመጨረሻው መለኪያ ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።